ልጁን የሚያሳድገው ማን ነው? በምዕራብ ጎጃም በዘመድ ቤት ስለሚያድጉ ተማሪዎች

በትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ዘወትር ከሚሰሙት ትእዛዞች አንዷ «ወላጅህን ይዘህ ና» የምትለው ናት። ተማሪው ቢያረፍድ፣ ቢጣላ፣ ደብተር ሳይዝ ቢመጣ ወይም ሦስት ቀን ቢቀር ይህችው ትእዛዝ ትሰጠዋለች። ለሰሚው አጭርና ግልጽ ትመስላለች። ይሁን እንጂ ከጅጋ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ካሉት የገጠር ትምህርት ቤቶች በአንዱ የአንደኛ ክፍልን የስም መጥሪያ ገልጦ «አንተን የሚያሳድግህ ማን ነው?» እያለ አንድ በአንድ የጠየቀ መምህር፣ ትእዛዟ ለብዙዎቹ ልጆች ግልጽ አለመሆኗን ወዲያው ይረዳል። አንዱ «አያቴ» ይላል፤ ሌላዋ «አክስቴ ዘንድ ነው ያለሁት» ትላለች፤ ሦስተኛው ወደ መሬት አቀርቅሮ ዝም ይላል።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በእነዚህ ልጆችና በአሳዳጊዎቻቸው ላይ ነው። አዲስ የቆጠራ ውጤት ይዞ አልቀረበም። የታተሙ ጥናቶች፣ የወጡ ሕጎችና ይህ ጸሐፊ ለመምህራን ማሠልጠኛ የሥርዓተ ትምህርት ሥራ በየትምህርት ቤቱ ሲዘዋወር ያስተዋላቸው ነገሮች ተገናዝበው የቀረቡበት ነው። ዋናው አሳቡ የሚከተለው ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ልጅን በዘመድ ቤት ማሳደግ የችግር ጊዜ ብልሃት ብቻ ሳይሆን የራሱ ደንብ ያለው የቆየ ሥርዓት ነው፤ ስለዚህ ትምህርት ቤት «ወላጅ» በሚለው አንድ ቃል ብቻ እስከ ሠራ ድረስ፣ ልጁን በእርግጥ በእጁ ከያዘው ሰው ጋር ሳይገናኝ ይቀራል።

የሥርዓቱ ሥር

አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከፍኖተ ሰላም ብዙም በማይርቀው በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ አሳትሟል። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ አማራ የርስት ሥሪት ቢሆንም ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር ይዟል። ይኸውም በዚህ አገር የዘር ሐረግ የሚቆጠረው በአባት በኩል ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል መሆኑ ነው። ሰው በአባቱ ወገን ርስት እንደሚጠይቅ ሁሉ በእናቱም ወገን ይጠይቅ ነበር። ከዚህ የተነሣ የሴት ልጅ ልጅ በእናቱ አባት ቤት እንግዳ ወይም ጥገኛ ተብሎ አይታይም፤ የቤቱ ወገን ነው። ርስት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቀርቷል፤ ወገን የሚቆጠርበት መንገድ ግን አብሮት አልቀረም። ዛሬም ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ የሁለቱንም ወገን ሐረግ ይዞ ይቆጥራል።

በዚህ መሠረት ላይ የቆሙ ልማዶች ብዙዎች ናቸው። በለጋነቷ የተዳረች ሴት የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት ትመጣለች። የአራስነት ጊዜዋን ጨርሳ ልጇን አዝላ ወደ ባሏ ብትመለስም፣ ልጁ ጡት ከጣለ በኋላ ተመልሶ አያቱ ዘንድ መቅረቱ የተለመደ ነው። አያት ብቻቸውን ከሆኑ ውኃ የሚቀዳላቸው፣ እሳት የሚጭርላቸው፣ ጥጃ የሚያግድላቸው ልጅ ያስፈልጋቸዋል፤ ለጎጆ ወጪዎቹ ባልና ሚስትም ሸክም ይቀልላቸዋል። ስለዚህ ልጁ የሚሄደው ስለተጣለ አይደለም፤ ተፈልጎ ነው። ልጅ ያልወለዱ ሰዎች የዘመድ ልጅ ወስደው የሚያሳድጉበት ማደጎ አለ፤ ጡት በማጥባት ምሳሌ ዝምድና የሚመሠረትበት የጡት ልጅነትም አለ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ሲነሡ የሚቆሙት የክርስትና አባትና የክርስትና እናትም የክፉ ቀን ተጠሪዎች ናቸው።

ልማዱ በአጠራርም ይታያል። በአያቱ እጅ ያደገ ልጅ አያቱን «እማየ» እያለ፣ የወለደችውን እናቱን ግን በስሟ ሲጠራ መስማት በዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ለመምህሩ ይህ ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን አንድ ልጅ «እናቴ ታማብኝ ነው የቀረሁት» ብሎ በሌላ ቀን ደግሞ «እናቴ ዐረብ አገር ናት» ቢል፣ ልማዱን የማያውቅ መምህር ዋሸኝ ብሎ ይቀጣዋል። ልጁ ግን ሁለቱንም ጊዜ እውነቱን ነው የተናገረው።

እዚህ ላይ «ያያት ልጅ» ስለምትባለው ስድብ አንድ ነገር ማለት ይገባል። በአነጋገር ልማዳችን ያያት ልጅ ማለት ቅምጥል፣ ተግሣጽ ያልቀመሰ ማለት ነው፤ መምህራንም ክፍል ውስጥ ሳይቀር ሲናገሯት ይሰማል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ስድቧ እውነታውን አታንጸባርቅም። አያት በአርጩሜ በኩል ይራሩ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ጉልበታቸው በደከመ ሰው ቤት የሚያድግ ልጅ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ የሚሠራው ሥራ ከእኩዮቹ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ይህ ጸሐፊ ራሱ ያያት ልጅ ነው። በ1980 ዓ.ም. ገደማ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ወላጅህን ይዘህ ና ተብሎ አያቱን ይዞ ሄደ። አያቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ከርእሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ቆሙ። «እኛ የጠየቅነው ወላጅ ነው፤ እርስዎ ይመለሱ፤ አባቱ ይምጣ» ተባሉ። አባቱ በሕይወት አልነበረም። አያቱ ምንም ሳይመልሱ እጅ ነሥተው ወጡ፤ ከዚያም በኋላ ያን ትምህርት ቤት አልረገጡትም።

ዛሬ ልጅን ወደ ዘመድ ቤት የሚያደርሱት ምክንያቶች

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በሀገሪቱ ከ18 ዓመት በታች ከሆኑት ልጆች ከአሥሩ አንዱ ያህል ከእናቱም ከአባቱም ጋር አይኖርም። ከእነዚህም የሚበዙት ወላጆቻቸው በሕይወት ያሉ ናቸው። ይህን ነጥብ የዕቅድ ባለሙያዎች በተለይ እንዲያስተውሉት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ዕቅዶቻችን በአብዛኛው የሚያውቁት «ወላጅ አልባ» የሚለውን ቃል ብቻ ስለሆነ፣ ወላጁ በሕይወት እያለ በዘመድ ቤት የሚያድገው ልጅ በየትኛውም ዓምድ ሳይመዘገብ ይቀራል።

ከምክንያቶቹ ሁሉ የቆየው ፍቺ ነው። በልጅነት የተፈጸመ ጋብቻ ብዙ ጊዜ አይጸናም። ከፍቺ በኋላ አባትም እናትም ዳግመኛ ያገባሉ፤ ልጁ የእንጀራ አባት ወይም የእንጀራ እናት ቤት ሲከብደው ወደ አያቱ ይሄዳል። ሁለተኛው ሞት ነው። ኤች አይ ቪ በተስፋፋባቸው ዓመታት በአውራ ጎዳናው ዳር ያሉ ከተሞች ብዙ ወላጆችን አጥተዋል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ወላጆቻቸውን ያጡት ሕፃናት ዛሬ ዐዋቂዎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል አስተማሪ የሆኑ አሉ፤ ያሳደጓቸውም በአመዛኙ አያቶች፣ አክስቶችና ታላላቅ እኅቶች እንጂ ድርጅቶች አልነበሩም።

ሦስተኛው ሥራ ፍለጋ ነው። የጎጃም ደጋ ሰው ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ መውረዱ የቆየ ነው፤ ይህ ግን ወቅቱን ጠብቆ የሚመለስ ጉዞ ነበር። የእናቶች ወደ ዐረብ አገሮች መሄድ ከዚህ ይለያል። እናት ሁለትና ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትቆያለች። ገንዘብ ትልካለች፤ በስልክ ትመክራለች፤ ልጁ የየትኛው ትምህርት ቤት ተማሪ ይሁን በሚለውም ቃሏ ይሰማል። እንግዲህ በአንድ ልጅ ላይ ሦስት ሰዎች ተደርበዋል ማለት ነው፤ አንዷ እንጀራ ጋግራ የምታበላው፣ ሌላዋ ገንዘብ የምትልክለት፣ ሦስተኛው ደግሞ በመንደሩ ስለ ልጁ የሚጠየቀው አጎት። ትምህርት ቤቱ ከሦስቱ የትኛውን ነው «ወላጅ» የሚለው? በብዙ ቦታ የሚጠራው አጎት ነው፤ ወንድ ስለሆነና ፊርማ ስለሚያውቅ። ልጁ ማታ ምን በልቶ እንደተኛ ግን እርሱ አያውቅም።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት ተጨምሯል። በክልሉ በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ከግጭቱ አላመለጡም። እንዲህ ባለ ጊዜ ቤተሰብ ልጁን ጸጥ ወዳለበት ቦታ፣ ወደ ሌላ ወረዳ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ዘመድ ዘንድ ይልካል። ልጁ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ያለ መልቀቂያ ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት መልቀቂያ ቢጠይቀው የሚያመጣበት ትምህርት ቤት በሩ ተዘግቷል፤ ወላጅ ቢጠይቀው ወላጁ በሌላ ወረዳ ነው። ይህ ዓይነቱ ልጅ ሁለት ጊዜ እንዳይሰናከል ማድረግ የሚቻለው ተቀባዩ ትምህርት ቤት ያስጠጋውን ዘመድ ቃል ተቀብሎ ልጁን በክፍል ደረጃ መመዘኛ ሲያስገባው ነው።

ጥናቶች የሚሉት

የአያት ድጋፍ ለልጅ ደኅንነት ምን ያህል ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ በሌሎች አገሮችም በእኛም አገር ተጠንቷል። ማይሪ ጊብሰንና ሩት ሜስ የተባሉ ተመራማሪዎች በአርሲ ኦሮሞ ገጠር ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። ሴት አያት በቅርብ መኖራቸው ሕፃናት በሕይወት እንዲቆዩ እንደሚረዳ፣ በተለይም የእናት እናት ከልጃቸው ላይ ከባድ የቤት ሥራ እንደሚያቀልሉ አሳይተዋል። አርሲ ጎጃም አይደለም፤ ልማዱም ይለያያል። ዳሩ ግን ውኃ በሚቀዳበት፣ እንጨት በሚለቀምበትና እህል በሚፈጭበት ኑሮ የአንዲት ተጨማሪ ሴት እጅ ምን ያህል እንደሚመዝን የሁለቱም አገር እናቶች ያውቁታል።

ያንግ ላይቭስ በሚባለው፣ በኢትዮጵያም የሚገኙ ልጆችን ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመታት ሙሉ በተከታተለው ጥናት መረጃ ላይ የተመሠረተ አንድ ትንተና ደግሞ ለመምህራን የሚረዳ ነገር ይነግረናል። እናቱ የሞተችበት ልጅ ከትምህርት ገበታ የመቅረቱና በንባብና በጽሕፈት ወደ ኋላ የመቅረቱ ዕድል ከፍ ይላል። አባቱ የሞተበት ልጅ ግን በትምህርት ገበታው ላይ ቢቆይም፣ ነገን ተስፋ የማድረግና በራሱ ጥረት ኑሮን መለወጥ እችላለሁ የማለት ስሜቱ ይዳከማል። ይህ ማለት በክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚታየውን ልጅ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይቻልም ማለት ነው። ከኋላ ወንበር ዝም ብሎ የሚቀመጠው፣ ሲጠየቅ «አላውቅም» ብሎ የሚመልሰው ልጅ ሰነፍ ከመባሉ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ።

በሩማንያ ቡካሬስት ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የተካሄደ ጥናትም በድርጅት ከሚያድጉ ሕፃናት ይልቅ ከቤተሰብ ጋር እንዲኖሩ የተሰጡት በአእምሮ ዕድገትም በስሜት ጤንነትም እንደሚሻሉ አመልክቷል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2002 ዓ.ም. የተቀበለው ስለ ልጆች አማራጭ ክብካቤ የሚናገረው መመሪያ የዘመድ ክብካቤን በስሙ ጠርቶ ዕውቅና ሰጥቶታል። ሀገራችንም ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ ውጭ እንዳይሄዱ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከልክላለች። እንግዲህ ሸክሙ የተመለሰው ወደ አያትና ወደ አክስት ትከሻ ነው። ትከሻው ግን በምን ይደገፋል?

በምዕራብ ጎጃም ይህ ጥያቄ የተለየ መልክ አለው። ዞኑ በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ የሚያመርት ትርፍ አምራች ተብሎ የሚታወቅ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በክልሉ በዋናነት ያተኮረው የምግብ እጥረት በሚደጋገምባቸው ሌሎች አካባቢዎች ላይ ነው። የአገሩ ጥጋብ ግን የእያንዳንዱ ቤት ጥጋብ አይደለም። ባላቸው የሞተባቸው አያት ሁለት የልጅ ልጆች ይዘው፣ በሬ ሳይኖራቸው፣ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ከምርቱ ግማሹን ብቻ ይወስዳሉ። ማዳበሪያ በተወደደ ዓመት የሚቀራቸው ከዚያም ያነሰ ነው። በመዝገብ ግን እኒህ ሴት ትርፍ አምራች ወረዳ ነዋሪ ናቸው።

የዘመድ ቤት ሁሉ አንድ አይደለም

እስካሁን የተባለው የዘመድ ቤት ለልጅ ሁልጊዜ ይመቻል የሚል ከመሰለ ማረም ያስፈልጋል። ወደ አያት ቤት የሚሄደው ልጅና ወደ ከተማ ዘመድ ቤት የሚላከው ልጅ አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖሩም።

ከገጠር ቀበሌ ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬ ወይም ወደ ሌላ የወረዳ ከተማ ይሄዳል። ወንዶቹ ብዙ ጊዜ ሦስትና አራት ሆነው ቤት ተከራይተው፣ ቅዳሜና እሑድ ወደ አገራቸው ወጥተው እንጀራ፣ ድርቆሽና በሶ እየተሸከሙ ይመለሳሉ። ለሴት ልጅ ግን ወላጆች የኪራይ ቤትን ይፈራሉ፤ ስለዚህ አክስት ወይም የአክስት ልጅ ዘንድ ያስጠጓታል። ስንቅም አብሮ ይላካል፤ ጤፍ፣ በርበሬ፣ አንዳንዴም ዶሮ። በዚህ ስምምነት ውስጥ በቃል የማይነገር አንድ ነገር አለ፤ ልጅቱ የቤቱን ሥራ ትሠራለች። ሥራው ከትምህርት ጋር በሚስማማበት ቤት ልጅቱ ትማራለች፤ አክስቷም እንደ እናት ትሆናታለች። በማይስማማበት ቤት ግን ልጅቱ ደመወዝ የማይከፈላት ሠራተኛ ናት። ጠዋት ቡና አፍልታ፣ ሕፃናቱን አልብሳ፣ እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተጀምሯል። መምህሩ «አርፋጅ» ይላታል፤ አክስቷ «ሰነፍ» ትላታለች፤ አባቷ ለበዓል ሲመጣ ደግሞ ካርዷን አይቶ «የላክንሽ ለዚህ ነው?» ይላታል። ዘመድ ስለሆኑ ስሞታ ማቅረብ ነውር ነው፤ ስለዚህ ዝም ትላለች።

ተመሳሳይ ሁኔታ በወንድ ልጅ ላይ የሚታየው በእረኝነት ነው። በአጎቱ ቤት ከብት የሚያግድ ልጅ ከአጎቱ ልጆች ጋር ፈረቃ ቢጋራ፣ እርሱ በከሰዓት በኋላ ፈረቃ፣ እነርሱ በጠዋቱ ፈረቃ ቢማሩ ችግር የለም። የአጎቱ ልጆች ሁሉም ጠዋት ገብተው እርሱ ብቻ ከከብት ጋር ሲውል ግን ልዩነቱ ይታወቃል። የበርበሬ ለቀማና የበቆሎ ሽልቀቃ በሚደርስበት ወቅት የትኛው ልጅ ከቤቱ እንደሚቀር የስም መጥሪያው በግልጽ ያሳያል። በአንድ ቤት ከሚኖሩ ልጆች አንዱ ብቻ ደጋግሞ የሚቀር ከሆነ፣ ያ ልጅ በቤቱ ያለው ቦታ ምን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ለዚህ ገንዘብም ሥልጠናም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የወንድማማቾችንና የዘመዳሞችን ስም ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው።

ይህ ሲባል መምህሩ የሰው ቤት መርማሪ ይሁን ማለት አይደለም። ዘመድን በስሞታ ማስደንገጥ ልጁን ይበልጥ ይጎዳዋል፤ ከቤቱ ቢወጣ የሚሄድበት የለውምና። የአገሩ ሰው በሽማግሌ፣ በንስሐ አባትና በዕድር በኩል እንዲህ ያለውን ነገር ለስላሳ አድርጎ የሚያነሣበት መንገድ አለው። መምህሩ እነዚህን መንገዶች ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ወረቀቱና መሬቱ

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ወላጆቹ ለሌሉት ልጅ ሞግዚትና አሳዳሪ የሚሆኑትን ዘመዶች በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ መጀመሪያ አያቶች፣ ቀጥሎ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚያም አክስቶችና አጎቶች። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 አውጥቷል። ሕጉ እንግዲህ የአገሩን ልማድ አልተቃረነም። ክፍተቱ ያለው ወላጅ በሕይወት እያለ ነው። እናቱ ዐረብ አገር፣ አባቱ የት እንዳለ የማይታወቅ ልጅ አያቱ በእጃቸው ምንም ወረቀት የላቸውም። ልጁ ሲታመም፣ ለልደት ምስክር ወረቀት ሲጠየቅ፣ ለፈተና ሲመዘገብ «ሞግዚትነትዎን ያሳዩ» ይባላሉ።

የልደት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሕጉ ወላጅ በማይኖርበት ጊዜ ሞግዚት ወይም ልጁን የያዘ ሰው ልደቱን እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል። ብዙ አያቶች ግን ይህን አያውቁም፤ እናት እስክትመለስ ይጠብቃሉ። ርእሰ መምህሩ በመስከረም ምዝገባ ጊዜ ይህችን አንዲት ነገር ቢነግራቸው የዓመታት ድካም ይቀርላቸዋል።

የመሬቱ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 «የቤተሰብ አባል» የሚለውን ቃል ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖርና መተዳደሪያውን የሚጋራ ሰው ብሎ ተርጉሞት ነበር። በዚህ ትርጉም አያቱን እየጦረ ያደገ ልጅ የቤቱ አባል ነው። አያት ሲሞቱ ግን በሌላ አገር የሚኖሩ ልጆቻቸው መጥተው «አንተ እንግዳ ነህ» የሚሉት ጊዜ አለ። ወላጆቹ ሞተው የእነርሱ ይዞታ በአጎት እጅ የሚታረስ ልጅም ዕድሜው ሲደርስ መሬቱ የእርሱ መሆኑን የሚያስረዳበት ነገር ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ከሚጠቅሙት ማስረጃዎች አንዱ ልጁ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በማን ቤት፣ በማን አሳዳጊነት እንደኖረ የሚያሳይ የትምህርት ቤት መዝገብ ነው። መዝገቡ በየዓመቱ በእውነት ከተሞላ ከትምህርት ቤት ግድግዳ ውጭም ያገለግላል። «ወላጅ» በሚለው መስመር ላይ የሞተ አባት ስም ብቻ ከተጻፈበት ግን ለልጁ የሚሰጠው ነገር የለም።

በክፍል ውስጥ

በታችኞቹ ክፍሎች «ቤተሰቤ» የሚለው ርእስ ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ሥዕል አባት፣ እናት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ናቸው። ሥዕሉ ስሕተት የለበትም፤ ብቻውን መቅረቡ ነው ጉድለቱ። አንድ ጊዜ በቡሬ አካባቢ በተጎበኘ ክፍል መምህርቷ ልጆቹን ቤተሰባችሁን ሣሉ ብላቸው ነበር። አንዲት ልጅ አያቷን፣ አንዲት ላምና ራሷን ሣለች። መምህርቷ «አባትና እናትስ?» ብላ አልጠየቀቻትም፤ «የላሟ ስም ማን ነው?» አለቻት። ልጅቱ የላሟን ስም ተናገረች፤ ከዚያም አያቷ ላሟን እንዴት እንደሚያልቧት፣ ጥጃዋ በየትኛው ወር እንደተወለደች አወራች። ያን ቀን ከክፍሉ ሁሉ ረዥሙን ንግግር የተናገረች እርሷ ነበረች። የመምህርነት ብልሃት ምን እንደሆነ ለዕጩ መምህራን ለማስረዳት ይህ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ እስካሁን አላገኘም።

አያቶች ለቋንቋ ትምህርት የሚሰጡት ነገር ብዙ ነው። ተረት፣ እንቆቅልሽና ምሳሌያዊ አነጋገር ከእነርሱ ዘንድ አለ። የቅኔ ትምህርት አገር በሆነው በጎጃም ሰምና ወርቅ ያለው አነጋገር በተራው ሰው አንደበትም ይሰማል። ልጁ ከአያቱ የሰማውን አንድ ተረት ለክፍሉ እንዲናገር፣ ከዚያም እንዲጽፈው ማድረግ ለንግግርም ለጽሕፈትም ልምምድ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የልጁን ቤት በክፍል ፊት ያከብርለታል።

ሌላም የማይታሰብ ነገር አለ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረውና ከከተማ ተነሥቶ ወደ ገጠር የዘለቀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲካሄድ፣ ዛሬ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ብዙ አያቶች ኮረዳዎችና ጎረምሶች ነበሩ። ፊደል ቆጥረው ስማቸውን መጻፍ የቻሉ፣ በኋላ ግን የሚያነቡት አጥተው የረሱ አሉ። «መሃይም ናቸው» ተብለው የሚታለፉት እኒህ ሰዎች የልጅ ልጃቸው ከጎናቸው ቁጭ ብሎ ሲያነብላቸው ፊደሎቹን መልሰው ያስታውሳሉ። የቤት ሥራ ሲሰጥ «ለቤተሰብህ ጮክ ብለህ አንብብ» የሚል ትእዛዝ ቢጨመርበት ዋጋ የለውም፤ የሚያዳምጠውም ሰው ማንበብ እንዲችል አይጠበቅበትም።

የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ስብሰባን በሚመለከት ደግሞ አስቸጋሪው ቀኑ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት የተጠራ ስብሰባ አያትን አያመጣም፤ ከብቱን የሚያሰማራ ሌላ ሰው የላቸውም። የአገሩ ገበሬ ሞፈር የማያነሣባቸው የወር በዓላት፣ እንደ በ12 የሚካኤልና በ21 የማርያም ያሉት፣ አያቶች ከቤተ ክርስቲያን የሚውሉባቸው ቀኖች ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ፣ በደጀ ሰላሙ አጠገብ ባለ ዛፍ ሥር ለግማሽ ሰዓት የሚደረግ ስብሰባ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከሚደረገው ይልቅ ብዙ አሳዳጊዎችን ይሰበስባል። እስላም ቤተሰቦች በሚኖሩባቸው ቀበሌዎችና ከተሞች ደግሞ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ያለው ጊዜ እንዲሁ ሊያገለግል ይችላል።

የመመዝገቢያ ቅጹን ማሻሻል ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ቀላል ሥራ ነው። «የወላጅ ስም» ከሚለው አንድ መስመር ይልቅ ሦስት ጥያቄዎች ቢገቡበት ይበቃል፤ ልጁ የሚያድረው በማን ቤት ነው? ስለ ትምህርቱ የሚወስነው ማን ነው? ቢታመም የሚጠራው ማን ነው? መልሱ በየሴሚስተሩ ሊለወጥ ስለሚችል በእርሳስ ይሞላ። ሦስቱም መስመሮች አንድ ስም የሚይዙለት ልጅ አለ፤ ሦስት የተለያዩ ስሞች የሚይዙለትም አለ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ምንም ስም ያልተጻፈለት ልጅ ከተገኘ፣ የክፍል ኃላፊው መምህር በዚያው ሳምንት ሊያነጋግረው ይገባል።